ከፍርስራሽ ሥር ከወጡ በኋላ፦ የ1988ቱ የአርመን የመሬት መንቀጥቀጥና የሕክምና እርዳታ ታሪክ

ኅዳር 28 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 7 ቀን 1988፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ፣ በወቅቱ ከሶቪየት ኅብረት ሪፐብሊኮች አንዷ በነበረችው በአርመን ሰሜናዊ ክፍል ምድር ተንቀጠቀጠች። የመንቀጥቀጡ መጠን 6.8 ሆኖ ተመዘገበ፤ አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶም 5.8 የደረሰ ሌላ መንቀጥቀጥ ተከተለ። በመጀመሪያው የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሁለተኛው ጣለው። ሰዓቱ ሕፃናት በመማሪያ ክፍል፣ ወላጆቻቸውም በፋብሪካና በቢሮ ያሉበት ነበር። ስፒታክ የምትባለው ከተማ ከሞላ ጎደል ከምድር ገጽ ጠፋች። የአገሪቱ ሁለተኛ ከተማ የነበረችው ሌኒናካን (ዛሬ ጉምሪ) እና ኪሮቫካን (ዛሬ ቫናዞር) ክፉኛ ተጎዱ። 25,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ደግሞ በክረምት ብርድ ያለ መጠለያ ቀረ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርመኖች ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደሉም። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን «አርባ ልጆች» በሚል ስም በአገሪቱ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ቦታቸው የታወቀ ነው። ይሁንና የዚያ ሕዝብ ሌላው ታላቅ ሐዘን፣ ማለትም የ1988ቱ መንቀጥቀጥ፣ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ እምብዛም አይነሣም። ሊነሣ የሚገባው ግን በሟቾቹ ቁጥር ብዛት ብቻ አይደለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአደጋ በኋላ ስለሚሰጥ የሕክምና እርዳታ የሚሠራባቸው ደንቦች አብዛኞቹ ከዚያ ክረምት ስሕተቶች የተወለዱ በመሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሰዓት ጥያቄ ነበር። ኤሪክ ኖጂና ባልደረቦቹ በኋላ ባደረጉት ጥናት፣ ከፈረሱ ሕንፃዎች ሥር በሕይወት ከወጡት መካከል 89 በመቶ የሚሆኑት የወጡት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ መሆኑን አሳይተዋል። በፍርስራሽ ሥር የተያዘ ሰው የመሞቱ ዕድል ካልተያዘው ሰው ጋር ሲነጻጸር 67 እጥፍ ነበር። በእነዚያ 24 ሰዓታት ውስጥ ግን በቦታው የነበረው የውጭ አገር ነፍስ አድን ቡድን ሳይሆን ጎረቤት፣ አባት፣ የፋብሪካ ሠራተኛና ወታደር ነው። ያነሡትም በእጃቸው ነው። በሌኒናካን ብዙዎቹ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቤቶች በፋብሪካ ተሠርተው በቦታው ከተገጣጠሙ የኮንክሪት ክፍሎች የተሠሩ ስለነበሩ፣ ሲወድቁ ከባድ ጠፍጣፋ ኮንክሪት አንዱ በአንዱ ላይ ተነባበረ። ያንን ለማንሣት ክሬን ያስፈልግ ነበር፤ ክሬን ግን በቂ አልነበረም። ሆስፒታሎችም አብረው በመፍረሳቸውና ብዙ የጤና ባለሙያዎች በመሞታቸው፣ ሊያክም የሚገባው ሰው ራሱ ከሟቾች ወይም ልጁን ከሚፈልጉት መካከል ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ቀን ሚኻኢል ጎርባቾቭ ኒውዮርክ ነበሩ፤ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ታዋቂውን ንግግራቸውን ያደረጉት በዚሁ ዕለት ነው። ጉብኝታቸውን አቋርጠው ተመለሱ፤ አገራቸውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ባልታየ ሁኔታ በሯን ለምዕራባውያን እርዳታ ከፈተች። ከመቶ በላይ አገሮች ምላሽ ሰጡ። የይረቫን አውሮፕላን ማረፊያ ከዐቅሙ በላይ ተጨናነቀ። ዲሴምበር 11 ቀን ለእርዳታ የሚሄዱ ወታደሮችን የጫነ የሶቪየት ኢልዩሺን 76 አውሮፕላን በሌኒናካን አጠገብ ተከስክሶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በማግሥቱ ደግሞ እርዳታ የጫነ የዩጎዝላቪያ አውሮፕላን ይረቫን አካባቢ ወድቆ ሰባቱም የበረራ ሠራተኞች አለቁ። ለመርዳት የመጡትም ከሟቾቹ ተቆጠሩ።

ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት የወጡት ሰዎች ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። ለብዙ ሰዓታት እግሩ ወይም ክንዱ በኮንክሪት ተጭኖ የቆየ ሰው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ደኅና ይመስላል፤ ይናገራል፤ ውኃ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም እግዚአብሔርን ያመሰግናል። የተጫነው ሲነሣለት ግን የደም ዝውውሩ ወደ ተጎዳው ጡንቻ ይመለሳል፤ ከደሙም ብዙ ፈሳሽ ወደ ጡንቻው ሰርጎ እጅና እግሩ ያብጣል፤ የደም ግፊቱም ይወድቃል። ከሞቱት የጡንቻ ሕዋሳት የሚወጣው ፖታሲየም ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ማዮግሎቢን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ደግሞ ወደ ኩላሊት ሄዶ ጥቃቅን ቱቦዎቹን ይዘጋል፤ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፤ ቀጥሎም ይቆማል። በዚህ ዓይነት የዳነው ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ቤተሰቡ አደጋው አለፈ ባለበት ሰዓት ይሞታል። ሐኪሞች ይህንን ሕመም ክራሽ ሲንድሮም ይሉታል።

ሕመሙ አዲስ አልነበረም። በ1908 በኢጣልያ የመሲና ከተማን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የጀርመን ሐኪሞች ምልክቶቹን አይተው ጽፈዋል፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ጃፓናዊው ሚናሚ ከምሽግ መደርመስ ስለሞቱ ወታደሮች ጽፏል። የሕክምናው ዓለም በሙሉ ልቡ የሰማው ግን በ1941፣ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ነው። ኤሪክ ባይዋተርስና ዴዝመንድ ቢል በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ከፈረሱ ቤቶች ሥር ስለወጡ አራት ሕሙማን ጻፉ። በዚያን ጊዜ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመን ሰው የሚያቆይ መሣሪያ አልነበረም። ዊለም ኮልፍ በናዚዎች በተያዘችው በኔዘርላንድ የመጀመሪያውን የኩላሊት እጥበት መሣሪያ በሰው ላይ የሞከረው በ1943 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ያዳነው በ1945 ነው።

ከአርመኑ አደጋ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር ታውቆ ነበር። በ1982 በደቡብ ሊባኖስ በጢሮስ ከተማ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ነበር። የእስራኤል ሐኪሞች ከዚያ ለወጡ ሰባት ሰዎች ገና ከፍርስራሹ ሲወጡ ጀምሮ በደም ሥራቸው ብዙ ፈሳሽ መስጠት ጀመሩ፤ ከሰባቱ አንዱም የኩላሊት እጥበት አላስፈለገውም። ጥናቱ በ1984 ታተመ። መድኃኒቱ የጨው ውኃ ነበር። ውድ አልነበረም፤ የሚከብደው ነገር ሰዓቱ ብቻ ነበር። ፈሳሹ መጀመር ያለበት ሰውየው ሆስፒታል ሲደርስ ሳይሆን ክንዱ ከፍርስራሹ መካከል እንደታየ፣ ገና ሌላው አካሉ ሳይወጣ ነው።

በአርመን የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፈሳሹ በፍርስራሹ ዳር አልነበረም፤ ከቀናት በኋላ ግን የኩላሊት እጥበት መሣሪያዎች ከብዙ አገሮች በአውሮፕላን መጡ። ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች ኩላሊታቸው ሥራ እንዳቆመ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከ200 በላይ የሚሆኑት የግድ እጥበት ያስፈልጋቸው ነበር። መሣሪያዎቹ የተለያየ ፋብሪካ ሥሪት ናቸው፤ አንዱ ያለው መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። የኤሌክትሪክ ኃይልና የተጣራ ውኃ ይሻሉ። ከእነርሱ ጋር የመጡት ባለሙያዎች የት እንደሚሄዱ፣ የትኛው ሆስፒታል ስንት ሕመምተኛ እንዳለው የሚነግራቸው አንድ ማዕከል አልነበረም። የኩላሊት ሐኪሞች ይህንን ሁለተኛው አደጋ ብለው ሰየሙት። ስያሜው ትክክል ነው፤ የመጀመሪያውን ማንም ሊያስቀረው ባይችልም ሁለተኛው ግን ሊቀር ይችል ነበርና።

ከመሣሪያዎቹ ይልቅ በቁጥር በደንብ የተመዘገበው የመድኃኒቱ ነገር ነው። ፊሊፕ ኦቲየና ባልደረቦቹ በ1990 በላንሴት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት እንደተዘገበው፣ ወደ አርመን የተላከው መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ 5,000 ቶን ነበር። ዋጋው 55 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል። ከሚፈለገው እጅግ ይበልጥ ነበር። ምን እንደመጣ ብቻ ለማወቅ 50 ሰዎች ስድስት ወር ሠሩ። ከመድኃኒቱ 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ 4 በመቶው በውርጭ ተበላሸ። ከቀረው ውስጥ በቀላሉ ሊለይ የሚችለው 30 በመቶው ብቻ፣ ለድንገተኛ አደጋ የሚጠቅመውም 42 በመቶው ብቻ ነበር። በአብዛኛው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የንግድ ስሙ ብቻ ነው። አንድ የሌኒናካን ነርስ ከአሥር አገሮች በአሥር ስም የመጣውን አንድ ዓይነት አንቲባዮቲክ እንዴት ትለየው?

እነዚያ ሃምሳ ሰዎች ፋርማሲስቶች፣ ሐኪሞችና መጋዘን ሠራተኞች ነበሩ ብሎ መገመት አያዳግትም፤ ያ ስድስት ወር ከሕመምተኛ አልጋ ላይ የተወሰደ ስድስት ወር ነው። የለጋሾቹ ቅንነት አያጠራጥርም። ብዙው የተሰበሰበው ከቤተሰብ የመድኃኒት ሣጥንና ከሐኪም ጠረጴዛ ላይ ከተረፈ ናሙና ነው፤ ሰጪው አዝኖ ሰጥቷል። ሆኖም ቅን ልብና የማይነበብ ማሸጊያ አብረው ሲመጡ ሕመምተኛው የሚያገኘው ማሸጊያውን ነው።

ይህ በአርመን ብቻ የደረሰ አልነበረም፤ ለምሥራቅ አፍሪካም ቅርብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ሲያወጣ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ በ1989 በኤርትራ የነበረው ነው፦ በጦርነቱ ወቅት ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን መጣ፤ ተቃጥሎ ለማለቅ ስድስት ወር ፈጀ። 30,000 ጠርሙስ ጊዜው ያለፈበት የአሚኖ አሲድ ፈሳሽም ነበር፤ ከሽታው የተነሣ በሰፈር አቅራቢያ መጣል አልተቻለም። መመሪያው የወጣው በ1996 ሲሆን፣ በ1999 እና በ2010 ተሻሽሏል። ዋና ሐሳቡ አጭር ነው፦ ተቀባዩ ያልጠየቀው አይላክ፤ በሰጪው አገር ጥራቱ የማይፈቀድ መድኃኒት ለተቀባዩም አይሁን፤ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ይኑረው፤ በሳይንሳዊ ስሙና ተቀባዩ በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍበት፤ ከሕሙማን የተመለሰና የናሙና መድኃኒት ከቶ አይላክ። በየትኛውም የወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ይህንን ሲያነብ «ይህስ መነገር ነበረበት?» ማለቱ አይቀርም። መነገር ነበረበት።

የኩላሊት ሐኪሞችም ከአርመን በኋላ ዝም አላሉም። ዓለም አቀፉ የኩላሊት ማኅበር በ1989 ለአደጋ ጊዜ የሚሰማራ ግብረ ኃይል የማቋቋም ሥራ ጀመረ፤ የአውሮፓው ክንፍ መቀመጫ የቤልጂየሟ ጌንት ከተማ ስትሆን፣ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ተባብሮ ይሠራል። አሠራሩ በመጀመሪያ መሣሪያ መላክ ሳይሆን ጥቂት ባለሙያዎችን ልኮ ማየት ነው፦ የትኛው ሆስፒታል ቆሟል? ውኃ አለው? ስንት ሕመምተኛ፣ ስንት ነርስ አለ? ከዚያ በኋላ የጎደለው ይላካል።

ዋናው ፈተና የመጣው ኦገስት 17 ቀን 1999 ሌሊት፣ ምዕራብ ቱርክ በማርማራ አካባቢ በተመታች ጊዜ ነው። በመንግሥት መግለጫ መሠረት ከ17,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚህ ጊዜ የቱርክ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ከየሆስፒታሉ ቁጥሩን እየሰበሰበ ሥራውን መራ፤ የውጭው ቡድን በእርሱ ሥር ሆኖ አገዘ። 639 ሕሙማን በክራሽ ሲንድሮም ምክንያት የኩላሊት ጉዳት ደርሶባቸው ተመዘገቡ፤ 477ቱ የኩላሊት እጥበት ተደረገላቸው። ከ639ኙ የሞቱት 15.2 በመቶ ናቸው። ቀደም ባሉት ዘመናት ኩላሊቱ በዚህ መንገድ ሥራ ያቆመ ሰው ይድናል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሐኪም ጥቂት ነበር። ሁለቱን አደጋዎች ሙሉ በሙሉ ማነጻጸር ግን ፍትሐዊ አይሆንም፤ የማርማራው በበጋ ነበር፤ ኢስታንቡልን የመሰለ ትልልቅ ሆስፒታሎች ያሉት ከተማም በቅርብ ቆሞ ነበር።

አካሉ ከዳነ በኋላ የቀረው ሌላ ጉዳት ነበር። በስፒታክና በጉምሪ ክፍል ጓደኞቻቸው ሲሞቱ ያዩ ብዙ ልጆች ተርፈው ነበር። ትውልደ አርመኑ የሥነ አእምሮ ሐኪም አርመን ጎንጂያን ከካሊፎርኒያ ባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት ተከታተላቸው። በ1997 በታተመው ጥናት፣ ከአደጋው አንድ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ በትምህርት ቤት ውስጥ አጭር የሐዘንና የድንጋጤ ምክር ያገኙት ልጆች ሕመማቸው ሲቀንስ፣ ያላገኙት ግን እየባሰባቸው መሄዱ ታየ። ሕክምናው የተሰጠው በሆስፒታል አልነበረም። በመማሪያ ክፍል ነበር።

የቤት ግንባታው ታሪክ ግን በሐኪም እጅ ያለ አልነበረም። የሶቪየት መንግሥት ከተሞቹን በሁለት ዓመት መልሶ እንደሚሠራ ቃል ገባ። ሠራተኞችና ክሬኖች ከየሪፐብሊኩ መጡ፤ ሥራው ተጀመረ። በ1991 ግን ቃል የገባው መንግሥት ራሱ ፈረሰ፤ ሠራተኞቹም ወደየአገራቸው ሄዱ። በናጎርኖ ካራባኽ ምክንያት በተነሣው ጦርነት ድንበሮች ተዘጉ። በሜጻሞር የነበረው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከመንቀጥቀጡ በኋላ በስጋት ተዘግቶ ስለነበር አገሪቱ መብራት አጣች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክረምቶች ሰዎች በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ብቻ መብራት ያገኙ ነበር። ማመንጫው ከፊሉ በ1995 ተመልሶ ተከፈተ። በጉምሪ ለጥቂት ወራት ተብለው የቀረቡት «ዶሚክ» የሚባሉ የቆርቆሮና የብረት ሣጥን ቤቶች መኖሪያ ሆነው ቀሩ። በውስጣቸው የተወለዱ ልጆች በዚያው አድገው፣ በዚያው ልጅ ወለዱ። በክረምት የሚጤስ ምድጃ፣ በበጋ የጋለ ብረት፤ የሳንባና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚጠበቅ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ እርዳታና ከዲያስፖራ አርመኖች በተገኘ ገንዘብ ብዙ ቤተሰቦች ቤት አገኙ፤ ሆኖም ከሠላሳ ዓመት በኋላም በዶሚክ የሚኖሩ ነበሩ። የእርዳታ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ላይ የሚያበቃው፣ ጋዜጠኛው በዚያ ወር ስለሚሄድ ይመስላል።

ስምጥ ሸለቆ አገሪቱን ለሁለት የሚከፍላት ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። በ1961 በካራቆሬ አካባቢ ለወራት የዘለቀ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ማርች 29 ቀን 1969 በአፋር ምድር፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ተመታች፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መንደሪቱም ፈረሰች። እነዚህን አደጋዎች በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበዋቸዋል። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2025 መጠኑ 6.0 ደረሰ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ መጠለያ ሄዱ። በዚያ አካባቢ አብዛኛው ቤት ቀላልና ዝቅ ያለ መሆኑ ብዙ ሰው አድኗል ማለት ይቻላል። በየከተማው እየበዛ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ የኮንክሪት ቤት ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ያመጣል። የኩላሊት እጥበት የሚሰጠው በአዲስ አበባና በጥቂት የክልል ከተሞች ነው። የጨው ውኃ ግን በየጤና ጣቢያው አለ።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ደቡብ ምሥራቅ ቱርክና ሰሜን ሶርያ 7.8 በደረሰ መንቀጥቀጥ ተመቱ፤ በቱርክ ብቻ ከ50,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። አርመን ነፍስ አድን ሠራተኞቿን ወደ ሁለቱም አገሮች ላከች። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ደግሞ ምግብ፣ መድኃኒትና ውኃ የጫኑ አምስት የጭነት መኪናዎች በማርጋራ ድልድይ ላይ ወደ ቱርክ ተሻገሩ። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ድንበር ከ1993 ጀምሮ ተዘግቶ ነበርና፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚያ ድልድይ የተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ነበሩ።